«አንቺ» ስልሽ አትዙሪ

«በዚህ ቤት ስንት ወንድ አለ?»

የጠየቀኝ ከወረዳ የመጣ ሰው ነው፤ ጥቁር ቦርሳ በትከሻው አንጠልጥሏል። ኅዳር 1991 ነበር። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኛል። ጥያቄው በአማርኛ ቢሆንም ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል፤ «ስንት» የሚለውንም «ወንድ» የሚለውንም መምህራችን አስተምረውናል። ያጣሁት መልሱን ነው። አንድ ልበል ወይስ ሁለት?

አብሮት የመጣው የጎጣችን ታጣቂ አያ ምሳው በዝምታዬ ሳቀ።

«ሕፃን ምን ታስጨንቃለህ! አባቷ ሞቷል። ያለው አጎቷ ደግሰው ነው። አንድ ነው፤ ጻፈው።»

«ታዲያ ይህች ምነው ዝም አለች?» አለ ሰውየው ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ።

ዝም ያልኩት እየቆጠርኩ ስለነበር ነው። እኔ የማውቃቸው ደግሰው ሁለት ነበሩ።

አንደኛው ደግሰው ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ቁምጣ ሱሪ ለብሶ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ በሬዎቹን ወደ ታችኛው ማሳ ይነዳል። ከመደቡ ላይ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አየዋለሁ። ሁለተኛውን ደግሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ውሃ ልጠጣ ወደ ጓዳ ስገባ አገኘዋለሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። በዚያው ሰዓት ከታችኛው ማሳ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። ቆሜ አንዴ ጅራፉን፣ አንዴ የተኛውን ሰው ትንፋሽ አዳምጣለሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ቄሱ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ስለታየ ጻድቅ ሲናገሩ ሰምቼ ነበርና አጎቴም እንደዚያ ያለ ሰው መሰለኝ። ኮራሁበት እንጂ አልፈራሁም።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው በኩል የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አራት ነበርን፤ እናቴ ጥሩሐረግ፣ የእናቴ ወንድም ደግሰው፣ የሁለቱም ታናሽ የሆነችው አክስቴ አገኘሁሽ እና እኔ። አያቶቼን የሰባ ሰባቱ ረሃብ ጨርሷቸዋል። ያን ጊዜ እናቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ተሰደደች። ደግሰው በዕድሜ ቢበልጥም ደካማ ስለነበር እሱን አዘለችው፤ ትንሿን በእግሯ አስኬደቻት።

«እኔ እኮ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ በእግሬ ነኝ» እያለች አክስቴ ትቀልድባት ነበር።

አክስቴ ሳቂታ ነበረች። በአሥራ አራት ዓመቷ ድዷን ተነቅሳለች፤ ስትስቅ ከጥርሷ በላይ ያለው ሥጋ እንደ ኑግ ጠቁሮ ይታያል። በአገራችን ይህ የሴት ጌጥ ነው። ወንድ ድዱን አይነቀስም። ጎህ ሲቀድ «ለእንጨት ሄዳለች» ይባላል፤ ስትመለስ ግን ሸክሟ ጥቂት ጭራሮ ነው። መዳፏ እንደ ጠጠር ነበር። ወፍጮ ያጠጠረው ይመስለኝ ነበር።

አሁን አውቀዋለሁ። የሚያርሰው ደግሰው እሷ ነበረች። በእኛ ዘንድ ሴት ሞፈር ከጨበጠች ዝናብ ይሸሻል ይባላል፤ ስለዚህ በወንድሟ ሱሪ፣ በወንድሟ ጋቢ፣ ሰው ከሩቅ እንጂ ከቅርብ በማያያት ማሳ ታርስ ነበር። ደግሰውን የሚጥል በሽታ ነበረበት። ከሞፈሩ ኋላ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ በሁለተኛው ማረሻው ቁርጭምጭሚቱን ቆርጦታል።

ትልልቆቹ የበሽታውን ስም አያነሱም። «ትናንት ያ ነገር መጥቶ ነበር» ይባባላሉ፤ እኔ እንግዳ ይመስለኝና ምነው ሳላየው ሄደ እላለሁ። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እናቴ ጋቢ ወርውራ ሸፈነችው። «ደክሞት ነው፤ ሂጂ ዶሮዎቹን እዪ» አለችኝ።

ዛሬ እናት ነኝ። ልጄ ዮርዳኖስ ኩባያ ከእጇ ሲያመልጣት ሩጬ ዓይኗን አያለሁ። ስትስቅ ድንገት ዝም ካለች ስሟን እጠራለሁ። «እማዬ፣ ምን ሆንኩ?» ትለኛለች። «ምንም» እላለሁ። የእናቴን ፍርሃት ያወቅሁት በዚህ ነው። ሰው ይህ ነገር በዘር ይሄዳል ይላል፤ ከታወቀ ከዚያ ቤት የሚያገባ የለም። እናቴ ምስጢሩን የደበቀችው ለደግሰው ብቻ ብላ አልነበረም። ለአገኘሁሽም፣ ለእኔም ነበር።

ጦርነቱ ከተጀመረ ስድስት ወሩ ነበር። ከየጎጡ ሁለት ብርቱ ጎልማሳ ይውጣ ተባለ። ከእኛ ጎጥ ካሤ የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ ስሙን ራሱ አስጻፈ። ሁለተኛውን አያ ምሳው መረጠ።

«ደግሰው ይሂድ» አለ በስብሰባው ላይ። «ከታች ያለውን ድንጋያማ መሬት በሁለት ጧት የገለበጠ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ክንድ ቤት ተቀምጦ ማንን ልንልክ ነው?»

ሰውም እውነት ነው አለ። ክንዱ ግን የእሷ ነበር። የመረጡት እሷን ነው፤ የተሳሳቱት ስሙን ብቻ ነው።

ቤታችን የሚነገረው የአገራችን ቋንቋ፣ ኽምጣኛ ነበር። እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስገባ ከሁሉ በፊት ያስደሰተኝ አማርኛ መማሬ ነው፤ የተዘጋ በር የምከፍት መሰለኝ። ማሽላ ስናጭድ፣ እኩለ ቀን ላይ ቆሎ እየበላን፣ ሦስቱ በአማርኛ ጀመሩ። እኔ የወደቀ ዘለላ የምለቅም መስዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ልናገር» አለ ደግሰው። «ይጥለኛል ብዬ ልንገራቸውና ልረፍ።»

«ተናገር!» አለች እናቴ። «ከዚያ ይህችን ማን ያገባታል? ያችንስ ሕፃን? የሚጥላቸው ዘር ተብለን ልንቀር ነው?»

«ጠመንጃ ይዤ ብወድቅስ? ማንን ስገድል ልገኝ ነው?»

እናቴ ቆሎውን ከእጇ ወደ መሬት አራገፈችው።

«እታለም፣ ደግሰው ይሄዳል» አለች አክስቴ። «አያ ምሳው የጻፈው ታች የሚያርሰውን ደግሰው አይደል? እሱ ይሄዳል።»

ብላ ሳቀች። እናቴ በጥፊ መታቻት። ጥፊው ከማሽላው ውስጥ ወፍ አስነሳ።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የገባኝ «ደግሰው ይሄዳል» የሚለው፣ ሳቁና ጥፊው ነው። አክስቴ ወንድሟ በመሄዱ ደስ ብሏት ተመታች አልኩ። ማታ አጠገቧ አልተኛም ብዬ አኮረፍኩ።

ደግሰው እንቢ ብሎ ነበር። «እህቴን ልኬ ከቤት አልቀመጥም» ብሎ ለምርመራ ሰቆጣ ራሱ ሄደ። ልብሱን አስወልቀው አዩት፤ ጥርሱን አዩት፤ ጤነኛ ነህ ብለው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጡት። ያ ነገር የመጣው ሲመለስ ነው፤ ወንዙ ላይ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሻገር። አክስቴ ልቧ አላርፍ ብሏት ልትቀበለው ወጥታ ነበር። ፊቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ደረሰችበት። እስከ ቤት አዝላ አመጣችው።

እኔ ያየሁት የተሰነጠቀ ግንባሩን ነው። «በቅሎ ጣለችው» አሉኝ። በቅሎ አልነበረንም። የሰው በቅሎ ትሆናለች ብዬ አመንኩ።

ከዚያ በኋላ እንቢ ያለ አልነበረም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አክስቴ ሹሩባዋን ተላጭታ፣ ራሷ እንደ ቅል ነጭ ሆኖ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። እናቴ የመጨረሻዋን ጉንጉን እሳት ውስጥ እየጨመረች ነበር። በአገራችን ሴት እንዲህ የምትላጨው ዘመድ ሲሞትባት ነው። ስለዚህ «ማን ሞተ?» አልኩ።

እናቴ ፊቷን አዞረች።

«ቅማል» አለች አክስቴ። «ብዙ ቅማል ሞተ። አልቅሽላቸው።»

ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስትወጣ ሻሽ ታስራለች።

የትምህርት ቤት ጨዋታ የጀመርነውም በዚያ ሰሞን ነው።

«ባንቼ፣ ነይ፤ አማርኛ አስተምሪኝ» አለችኝ።

«አንቺማ ትችያለሽ።»

«የገበያ አማርኛ ነው የምችለው። ወንዱን ከሴቱ ስቀላቅል የሰቆጣ ነጋዴ ሁሉ ይስቅብኛል።»

እውነት ነው። በኽምጣኛ ፊት ለፊት ላለ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ መጥሪያው አንድ ቃል ነው። አማርኛ ነው አንተና አንቺ ብሎ የሚለየው። ስለዚህ የእኛ ሰው አማርኛ ሲናገር ባሏን «አንቺ» የምትል፣ እናቱን «አንተ» የሚል ሞልቷል። እኔ ግን መምህሩ በአርጩሜ እያስጠኑኝ ለይቼዋለሁ። ለማስተማር ቸኮልኩ።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። እሷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ትቆማለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ እጣራለሁ። «አንተ!» ካልኩ ዞራ «አቤት» ትላለች። «አንቺ!» ካልኩ መዞር የለባትም። ከዞረች ኩርኩም ትቀምሳለች።

«ተገልብጧል እኮ» አልኳት። «ሴት ነሽ። በ‹አንቺ› ነው መዞር ያለብሽ።»

«ጨዋታ አይደል? ተገልብጦ ነው የሚጥመው።»

«እሺ። እንግዲህ ‹አንቺ› ስልሽ አትዙሪ!»

ሁልጊዜ ትሸነፋለች። «አንቺ!» ስላት አንገቷ ከእሷ ቀድሞ ይዞራል፤ ዞራም ድዷ እስኪታይ ትስቃለች። በተላጨ ራሷ ላይ ኩርኩሜን አሳርፍባታለሁ።

«ስምሽ ነው የሚያሳስተኝ» ትለኛለች ራሷን እያሸች። «‹ባንቺ› ሲሉሽ ‹አንቺ› ይሰማኛል። ጥፋቱ ስም ያወጣልሽ ሰው ነው።»

አሥር ቀን ያህል ተጫወትን። በመጨረሻዎቹ ቀናት ስትዞር መሳቅ ተወች። ከንፈሯን ገጥማ ጥርሷን ትደብቃለች። ጨዋታው የሰለቻት መሰለኝና እኔም ተናደድኩ።

የመሄጃው ቀን የሰቆጣ ገበያ ቀን፣ ማክሰኞ ነበር። እናቴ በጧት ቀስቅሳኝ፣ አክስቴ ሁመራ ሥራ ፍለጋ ከሰዎች ጋር በሌሊት መውጣቷን፣ አጎቴ ደግሞ ከካሤ ጋር ወደ ሰቆጣ መቅደሙን ነገረችኝ። ሳትሰናበተኝ መሄዷ አስለቀሰኝ። ጓዳው ባዶ ነበር። በእውነቱ በዚያ ሌሊት ደግሰው በሌላ መንገድ ወደ እኛው ቆላ፣ ወደ ዝቋላ ወርዷል፤ እዚያ ፍየል የሚያረባ የሩቅ ዘመድ ነበረን።

ሰቆጣ ስንደርስ መኪናው ቆሟል። እናቶች ያለቅሳሉ፤ ጥቂቶች እልል ይላሉ። ከበሮ የሚመታም ነበር። ከተሰለፉት ልጆች መሐል በአጎቴ ቁምጣ፣ በአጎቴ ጋቢ፣ ግንባሩን በጨርቅ የታሰረ ሰው አየሁ። አጎቴ ግንባሩ ቆስሎ ስለነበር ጨርቁ አልገረመኝም። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ ከሰዉ ኋላ አቆመችኝ። «ወደሚዘምት ወንድ አይጠጉም» አለችኝ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች።

እሱ ነው ወደ እኛ የመጣው። ምንም አልተናገረም። እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

እጁ ጠጠር ነበር። ከጋቢው ሥር ደግሞ አክስቴ የምትቀባው ቅቤ ሸተተኝ።

ልቤ ሁለት ሆነ። ስሙ ሲጠራ ዞሮ ወደ መኪናው ሲሄድ ልፈትነው አሰብኩ። ከእናቴ እጅ ሾልኬ ሮጥኩና ከጀርባው ሆኜ ባለኝ ድምፅ ተጣራሁ።

«አንቺ!»

አልዞረም።

«አንቺ!»

አንድ ወታደር ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ማንን ነው የምትጠሪ? እዚህ ሴት የለችም።»

«አንቺ!»

ካሤ ከመኪናው ላይ ሳቀ። «ስሟን እየነገረችህ ነው፤ ባንቺ ትባላለች። ከአማርኛ ጋር ገና ነን!» ወታደሩም ሳቀ፤ በዙሪያው ያሉትም ሳቁ። የአጎቴን ልብስ የለበሰው ሰው የመኪናውን ብረት ይዞ ወጣ። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ተቀመጠ። መኪናው ቁልቁል ዞሮ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ጀርባውን ብቻ አየሁ።

ስለዚህ አጎቴ ነው አልኩ። አክስቴ ብትሆን ትዞር ነበር። ሁልጊዜ ትዞር ነበር።

ኩርኩሙን ያሸነፈችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ሆነ። የታችኛው ማሳ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። እናቴ በዓመት ሁለት ጊዜ በአህያ እህል ጭና ወደ ዝቋላ ትወርድ ነበር፤ «ለዘመድ ነው» ትላለች፤ እኔን ይዛኝ አትሄድም። ሁመራ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሲመጣ «አገኘሁሽን አይታችኋል?» ብዬ የምጠይቅ እኔ ነኝ። እናቴ አትጠይቅም ነበር። ጨካኝ መሰለችኝ። ሬዲዮ ካለበት ቤት ግን ዜና ሳያልቅ አትነሳም።

ካሤ እያነከሰ የመጣው በ1993፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻውን ቤታችን ገባ። እናቴ ገና ስታየው ተቀመጠች። መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። ወደ እኔ አየችና «በአማርኛ ንገረኝ» አለችው። ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ቃል አላመለጠኝም።

«እታለም፣ ዓመት ተመንፈቅ አብረን ኖረን ጥርሱን ያየ ሰው የለም። ‹ጭምቱ› ነበር የሚሉት። ሰው ሁሉ ሲስቅ አፉን በእጁ ይዞ ይነሳል።»

«ተመስገን» አለች እናቴ።

ሰው አለመሳቁ ምን ያስመሰግናል? አልኩ በልቤ።

«ምሽግ ሲቆፈር የሚቀድመው አልነበረም። ‹ይህ አፈር ያውቃል› ይሉት ነበር። እኔ ገና ከመኪናው ላይ ሲወጣ ነው ያወቅሁት። አንድ ቀንም አላነሳሁበት። እሱም አላነሳብኝም።»

«መጨረሻውን ንገረኝ።»

ካሤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ መልሶ አነሳው።

«ግንቦት ላይ ነው፤ ረፋድ። ደረቱን ነው የመታው። ሐኪሙ ልብሱን ሊቀድ ሲል ‹ተወው፤ አልቋል› አልኩት።» ድምፁ ወረደ። «አላለቀም ነበር፣ እታለም። ትንሽ ነበረው። ዓይኑን ወደ እኔ አድርጎ አትክፈቱ ብሎኛል፤ በዓይኑ ነው ያለኝ። እና አልከፈትንም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ሲያልፍ አፉ ተከፈተ። እኔ ዘጋሁት። እስኪደርቅ ድረስ በመዳፌ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም አላየ። ከነልብሱ ነው የቀበርነው። ጭምቱ ወንድ ነበር ብለው ነው ያለቀሱለት።»

እናቴ በጉልበቷ ሄዳ ያንን መዳፉን ሳመችው። ያን የሚያህል ወጣት የአንድ ልጅ እናት ጉልበቱ ላይ ወድቃ ሲያያት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ የሰማሁት አጎቴ መሞቱን፣ ጎበዝ መሆኑንና አፉን ካሤ መዝጋቱን ነው። ሙት አፉ ይዘጋል፤ ዓይኑም ይገጠማል፤ ይህ ለማንም የሚደረግ ነው። ለምን እጁን ሳመችው? ስለ ሐኪሙ የተናገረውን ደግሞ ጨርሶ አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ዛሬ ከእንቅልፌ የሚያነሳኝ እሱ ነው። ልብሷ ቢከፈት ትድን ነበር? ካሤን አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። «እኔም ይህንኑ እጠይቃለሁ» አለኝ።

መርዶው በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ለአገሩ ተነገረ። የደግሰው ጅራፍና ጋቢ መሐል ወጣ። በእኛ አገር ቤት የሚወራው በኽምጣኛ ቢሆንም ሙሾ የሚወርደው በአማርኛ ነው። አስለቃሿ ከጀመረች በኋላ እናቴ መሐል ገባች። ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

«አንቺ የኔ ሞፈር፣ አንቺ የኔ ቀንበር፣
ማን ሊያርሰው ነው የታችኛው ድንበር።»

ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ግን አፈርኩ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ አጥሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ እናቴ በሰው ፊት ወንድ ልጅን «አንቺ» ትላለች። ደግማ ስትለው አላስቻለኝም። ቀሚሷን ጎተትኩ።

«እማዬ፣ ደግሰው ወንድ ነው። ‹አንተ› በይ!»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጎላ። አልቃሾቹ ጸጥ አሉ። አያ ምሳው በዕንባው መሐል «ይህች ተምራለች» አለ፤ አንዲት ሴትም ራሴን ዳሰሰችኝ። እናቴ ወደ ታች አየችኝ። የቁጣ ዓይን አልነበረም። የተያዘ ሰው ዓይን ነው።

«አንተ…» ብላ ጀመረች። ሁለተኛው ቃል አልወጣም። ከዚያ ሙሾ ወርዶበት በማያውቅ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ያንን ለወንድም ለሴትም የሚሆነውን አንድ ቃል ይዛ ጮኸች። እሱን ብቻ እየደጋገመች እስኪመሽ አለቀሰች። ኀዘኑ አማርኛዋን አስረሳት ተባለ። እኔም አምኜ፣ ለምን ጠንቅቃ አልተማረችም ብዬ አዘንኩላት።

በተዝካሩ ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቋት «አሥራተ ማርያም» አለች። ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም ነው፤ ማንም ልብ አላለም። የደግሰው ግን ገብረ አማኑኤል ነበር። ሁለቱንም ያጠመቁት እኒያው ቄስ ናቸው። ብራናውን ይዘው ቀና ብለው አዩዋት። «አሥራተ ማርያም» ብለው ጸለዩ፤ ከዚያ በኋላም ምንም አልጠየቋት።

ከዚያ ዓመት በኋላ ትምህርቴ ተቋረጠ፤ በቤቱ ሁለት እጅ ጎድሎ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ ልትድረኝ ስትዘጋጅ፣ እናቴ ወደ ዝቋላ ይዛኝ ወረደች። ሁለት ቀን ተጓዝን። ወንዳወቅ ከሚሉት የፍየል ባለቤት ዘመዳችን ቤት ደረስን። ጉንጩን እሳት የበላው ሰው ከፍየሎቹ መሐል ተነስቶ «ባንቼ» አለኝ። ግንባሩ ላይ የ«በቅሎዋን» ጠባሳ አየሁ። የተለቀሰለት ሰው ነው። ጮኼ ወደ እናቴ ሸሸሁ።

«አትፍሪ» አለችኝ። «እሱ አልሄደም። የሄደችው እሷ ናት።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አሰብኩት፤ ጅራፉን፣ ቅቤውን፣ የተቃጠለውን ፀጉር፣ «ተመስገን» የሚለውን። ደግሰው እግሬ ሥር ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስትሄድ ዞራ አየች?»

«አላየችም» አልኩት። ጨዋታውን አልነገርኩትም። ያስተማርኳት እኔ መሆኔን፣ ሦስት ጊዜ በ«አንቺ» መጥራቴን አልነገርኩትም። አንድ ጊዜ «አንተ!» ብል ኖሮ ትዞር ነበር። ሕጉ እንደዚያ ነበር።

ዛሬ እናቴ የለችም። ደግሰው አለ፤ በሌላ ሰው ስም፣ ከፍየሎቹ ጋር፣ ሸምግሏል። ልጄ ዮርዳኖስ አንድም ቀን አልወደቀችም። አሁንም አያታለሁ።

እኔ በሠላሳ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደሉ ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ጠፍቶኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት መምህርት ምስራቅ «ከሰሌዳው አትገልብጡ፤ ከራሳችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ስለ ሄደና ስለ ቀረ ሰው ይሁን» አለችን። ከክፍሉ ግማሹ ልጁን ወይ ወንድሙን ዐረብ አገር የላከ ነውና ቶሎ ቶሎ ጻፉ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ወረቀቱ በላብ ረጠበ።

ደብተሬን አይታ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እትዬ ባንቺ፣ ደግሰው የወንድ ስም አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ የመጀመሪያው ተሳስቷል። ሁለተኛው ልክ ነው።»

የእናቴን ቀሚስ የጎተትኩበት እጄን አየሁት። የመምህርቷን እስክሪብቶ በዚያው እጄ ያዝኩት።

«አታርሚው» አልኳት። «ሁለቱም ልክ ነው።»

አላረመችውም። እንዲህ ይላል፦

ደግሰው ሄደች።

ደግሰው ቀረ።